ትምህርት ቤት ሲደክም ማን ይግባ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ለምሳሌ ሐዋሳ ላይ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ቢደክም፣ ወላጅ አቤት የሚለው ለማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ብሔራዊ የትምህርት ደረጃ ማውጣትን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ትምህርት ቤት ማስተዳደር ግን የክልል ሥራ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል፣ ከሥሩም የከተማው ትምህርት መዋቅር።

ከታች ወተመህ የምንለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ ከጎኑም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ሥልጣናቸው ወረቀት ላይ ትንሽ አይደለም፦ ዕቅድና በጀት ያያሉ፣ ከኅብረተሰቡ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ አወጣጡን ይከታተላሉ። ርዕሰ መምህር መመደብና ደመወዝ መክፈል ግን የመንግሥት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወላጅ የሚታወሰው መዋጮ ሲፈለግ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ትምህርት ቤት ሲደክም የበላይ አካል የገባበት ምሳሌ ሌላ አገር አለ፦ አሜሪካ ውስጥ የኒው ጀርዚ ግዛት በ1989 እ.ኤ.አ. የጀርዚ ሲቲን ትምህርት ቤቶች ከአካባቢው ቦርድ ነጥቆ ራሱ አስተዳድሯል። እኛ ዘንድ መንጠቅ አያስፈልግም፤ ዋናው ሥልጣን ድሮም በመንግሥት እጅ ነው።

እንዲያም ሆኖ ወላጅ በእጁ ያለው አንድ መሣሪያ የኢንስፔክሽን ውጤት ነው። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ 4 ይመደባሉ፤ 1 እና 2 ከሚጠበቀው በታች ናቸው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የልጅዎን ትምህርት ቤት ደረጃ ይጠይቁ።

(ሙዚቃ)