የፈረስ አዳር በባሌ ተራሮች

አቅራቢ፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በፈረስ ተጉዛችሁ ድንኳን ውስጥ ለማደር ካሰባችሁ፣ ፈረሱስ የት ያድራል?

ዲንሾ አካባቢ ጽድና ኮሶ አለ። በሁለት ጠንካራ ዛፎች መካከል፣ ከፈረሱ ራስ ከፍ አድርጋችሁ ገመድ ወጥሩ፤ ግንዱ እንዳይላጥ ገመዱ የሚያርፍበትን በጆንያ ጠቅልሉት። ዋናው ጉዳይ ከዚያ ገመድ ወደ ፈረሱ የሚወርደው ማሰሪያ ርዝመት ነው። አፉ መሬት ላይ ካለው ድርቆሽ ይድረስ እንጂ ከዚያ አይለፍ። የረዘመ ማሰሪያ በጨለማ እግር ይጠልፋል፤ የተጠለፈ ፈረስ ደግሞ ይደነግጣል፣ እስኪጎዳም ይታገላል። እባካችሁ በልጓም አትሰሩት! ሲጎትት ብረቱ አፉን ያቆስለዋል። ቋጠሮው ጫፉ ሲሳብ ወዲያው የሚፈታ ይሁን። የሚራገጡ ፈረሶችን አራርቁ።

ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ግን ዛፍ የለም፤ የጅብራ ግንድም ፈረስ አይይዝም። እዚያ የሚያስተማምነው በደንብ የተመታ ችካል ነው፣ ዙሪያው ድንጋይና ቁጥቋጦ የሌለበት። ከድንኳኑ ገመድ ግን ይራቅ። ጅብ ስለሚኖር በየተራ የሚጠብቅ ሰው መድቡ። የትኛው ፈረስ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ሳይመሽ ጠይቁት።