ሦስተኛዋ እጩ



እስካሁን ለሊቀመንበርነት ሁለት ስም የሚያቀርበው ኮሚቴው ብቻ ነበር። ዘንድሮ የዳንግላ እህቶቻችን ሦስተኛ እጩ ይዘው እንጅባራ መጡ። «ድምፅ ትከፋፍላለች፣ ትቅር» ያልነው እኛው የኮሚቴ አባላት ነን።

ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ለፓርላማ ስንመርጥ ብልጫ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሽ ባይሞላም። መቶ ሆነን ድምፃችን 40፣ 35 እና 25 ቢሆን፣ 60ዎቻችን ያልመረጥናት ትመራናለች። ይህ ግን የአቆጣጠሩ ጉድለት እንጂ የሦስተኛዋ ጥፋት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 ወንበር የግል እጩ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስሙ ወረቀቱ ላይ ባይኖር አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ስሟ ይግባ። ከግማሽ በላይ ያገኘች ከሌለች፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ እዚሁ እንደገና ይወዳደሩ። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶቻችን ባቄላ፣ ሽምብራና አተር አዘጋጅተናል።