ያገለገለ ሞተር የሚያሰማው ባዕድ ድምፅና አመራመሩ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ባቲን አቋርጦ ያልፋል። ባቲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህ መንገድ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪነሣ ድረስ የአሰብ ወደብ መሥመር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ጅቡቲ ቢሆንም፣ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው። ጭነት ተሸክሞ ከሚሌ ወደ ባቲ የሚወጣ መኪና በቆላ ሙቀት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል። በሜዳ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ የሞተር ጉድለት ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጸው እንዲህ ባለው ዳገት ላይ ነው።

አዲስ ሞተር ለመግዛት ዐቅሙ የማይፈቅድለት ባለመኪና፣ ባለወፍጮ ወይም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ያገለገለውን ይገዛል። ሞተሩ ከተገዛ በኋላ ምንነቱ ያልታወቀ ድምፅ ቢያሰማ፣ ወደ ባለሙያው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይፈታ ወይስ አይፈታ?» የሚል ነው። መፈታት የማይገባው ሞተር ቢፈታ የባለቤቱ ገንዘብና የሥራ ወራት በከንቱ ይባክናሉ። መፈታት የሚገባው ሳይፈታ ቢቀር ደግሞ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ጆሮ ሥራውን መጨረስ ይኖርበታል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ረኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛን ልብ በማዳመጥ ለሕክምና ሙያ ትልቅ መሣሪያ አበርክቷል። መካኒክም ረዥም ካቻቢቴ ይዞ ጫፉን ከሞተሩ አካል፣ እጀታውን ከጆሮው ጋር ሲያገናኝ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በሽተኛውን «ተንፍስ፣ ትንፋሽህን ያዝ» እያለ እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ መካኒኩም የሞተሩን ሁኔታ እየለዋወጠ ካላዳመጠ የሚሰማው ድምፅ ትርጉም አይሰጠውም። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ነገርም አንድ ብቻ ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ መታወስ ያለበት የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ የሚያንኳኳ መሆኑ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ታፍኖ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ፣ ወዲያው ሳይሆን ከቅጽበታዊ መዘግየት በኋላ በድንገት ይቀጣጠላል። ይህ ጤናማ ኳኳታ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን መዘግየቱ ስለሚረዝም ኳኳታው ይበረታል፤ ሲሞቅ ይለዝባል። ምርመራ የሚሻው በዚህ ላይ ተደርቦ የሚሰማው ባዕድ ድምፅ ነው።

አራት ሲሊንደር ያለው አሮጌ ሞተር ለገዢ ቀርቦ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ቢያሰማ፣ የምርመራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ይሆናል።

አንደኛ፣ ሞተሩ ከአደረበት ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ። ገዢው ሲደርስ አስቀድሞ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር አንድ ምስክር ተደብቆበታል ማለት ነው። የላላ ፒስተን ሲሊንደሩን የሚመታው በቅዝቃዜ ጊዜ ሲሆን፣ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ድምፁ ይቀንሳል። የተበላ ብሮንዚን ግን ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ድምፁ ይጎላል። አንዳንድ ሻጭ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ድምፁን ስለሚያፍን፣ ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ፣ ካጠራጠረም በተገቢው ዘይት ለውጦ እንደገና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ከውስጥ በፊት ውጭው ይታይ። የላላ ፑሊ፣ የተሰነጠቀ የዲናሞ መያዣ፣ ያረጀ የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ፣ ወይም ሞተሩን ከመሠረቱ ጋር ያሰረው ብሎን መላላት ከሞተሩ ሆድ የወጣ የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ከወለቀ በኋላ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ቢነሣ፣ ድምፁም ቢጠፋ፣ ጥፋቱ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ዕቃዎች በአንዱ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ምቱ ይቆጠር። ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አብሮ የሚዞር የላላ ዕቃ በእያንዳንዱ ዙር ሊመታ ይችላል፤ ካምሻፍቱ ግን 300 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ የአንድ ቫልቭ ድምፅ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ይሰማል። ይህ ቀሰስ ያለ፣ ቀጠን ያለና ከላይ ከቴስታታው አካባቢ የሚመጣ ምት ከሆነ፣ ቫልቩን በልኩ ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አራተኛ፣ ሲሊንደሮቹ በየተራ ይጠየቁ። በአሮጌው ዓይነት ሞተር ላይ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደው የናፍጣ ቱቦ ማሰሪያ በየተራ ሲላላ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። የሦስተኛው ሲላላ ድምፁ ቢጠፋ ወይም ጉልሕ ሆኖ ቢቀንስ፣ ጥፋቱ ከሦስተኛው ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ጥፋተኛው ኖዝሉ ነው ወይስ ብሮንዚኑ? የሦስተኛውና የአንደኛው ኖዝል ቦታ ይለዋወጡ። ድምፁ ኖዝሉን ተከትሎ ወደ አንደኛው ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ በሦስተኛው ላይ ከቀረ ግን ፒስተኑ፣ ፒኑ ወይም የቢየላው ብሮንዚን ይጠረጠራል። በዚህ ሥራ ጊዜ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ እጅን ማራቅና ዐይንን በመነጽር መከለል ግዴታ ነው። ኮመን ሬል በተባለው ዘመናዊ ሞተር ላይ ደግሞ ግፊቱ ከሺህ ባር በላይ ስለሚደርስ ቱቦውን ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ኖዝሉ በኮምፒውተር መመርመሪያ ይዘጋል።

አምስተኛ፣ ዘይቱ ይመስክር። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የዘይቱ ግፊት በጌጅ ይለካ። ከዚያም ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ላይ ተቀድቶ በፀሐይ ብርሃን ይታይ። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ብረት ነው። ማግኔት የማይዘው የመዳብ መልክ ያለው ብናኝ ከብሮንዚን ሽፋን የመጣ ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ግፊት፣ መዳብ የሚመስል ብናኝና ጭነት ሲጨመርበት የሚወፍር ድምፅ በአንድነት ከተገኙ፣ ሞተሩ ያለ አንዳች ማመንታት ይቁም፣ ይፈታም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከግማሽ ቀን የማያልፍ፣ ውድ መሣሪያም የማይጠይቅ ነው። ኖዝል ማስተካከልና ክራንክ ሻፍት አውጥቶ በማሽን ማስሞረድ ግን በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ባለሞተሩ ይህን ልዩነት በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚታመነው በባለሙያው ቃል ነው። ስለዚህ ድምፁ በቅዝቃዜ ወይስ በሙቀት፣ በባዶ ወይስ በጭነት፣ በየትኛው ሲሊንደር እንደተሰማ በወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ሊሰጠው ይገባል። ገዢው ዋጋ ሲከራከር ያ ወረቀት ይረዳዋል። ሞተሩ ከባቲ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ መካኒክ ቢሄድም፣ ሁለተኛው ባለሙያ ምርመራውን ከመጀመሪያው ሳይሆን የፊተኛው ካቆመበት ይቀጥላል።