ካርዱ ላይ «ጠፋ» ብዬ የጻፍኩበት ሰው



ስለ ሕክምና ተናገሪ ተብዬ ነበር፤ ስለ አንድ አንትሮፖሎጂስት ላወራ ነውና አትቆጡኝ።

እንደተመረቅን የተመደብኩት ቴፒ አካባቢ ነበር። ሸይ ቤንች ተወልጄ በማደጌ፣ የአገሩን ሰው አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አንድ የመዠንግር ተወላጅ ቲቢ ተገኝቶበት የስድስት ወር መድኃኒት ጀመርኩለት። በሦስተኛው ወር ቀረ። ሰው ላክሁ፤ ቤቱ ባዶ፣ ማሳው ዳዋ ለብሷል። «ጎረቤት ጠይቅ» እንኳ አላልኩትም። ካርዱ ላይ «ጠፋ» ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራሁ። ሰውዬውን ዳግመኛ አላየሁትም።

ከዓመታት በኋላ የጃክ ስታውደር መጽሐፍ እጄ ገባ። ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መዠንግሮች መሐል ተቀምጦ ኑሯቸውን አጠና፤ ሥራውን ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1971 አሳተመው። ማን ከማን ጋር እንደሚሰፍር፣ በደቦ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ማሳቸውን ለምን እንደሚለቁ እየተከተለ መዘገበ።

ሳነበው አፈርኩ። መዠንግር ጫካ መንጥሮ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ መሬቱ ሲደክም ለጫካው ይተውና ሌላ ቦታ ይጀምራል። ቀፎው የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ነው። ከጎረቤት ጋር ጠብ ሲመጣም ራቅ ብሎ መስፈር አንዱ መፍትሔ ነው። ለካ መሄድ የኑሮ ሥርዓት ኖሯል! እኔ ግን «ጠፋ» አልኩ።

በእርግጥ ስታውደር ያየው ጫካ ዛሬ እንደዚያው አይደለም። የቡና እርሻው ተስፋፍቷል፣ ሰፋሪው በዝቷል፣ ብዙ መዠንግሮችም በአንድ ቦታ ረግተው ይኖራሉ። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ መድኃኒት ማዘዣ እንያዘው አልልም። እንደ እሱ ቁጭ ብለን እንጠይቅ ነው የምለው።

አሁን ረጅም መድኃኒት ሳስጀምር እጠይቃለሁ፦ «ማር የምትቆርጠው መቼ ነው? ለቡና ለቀማ የት ትሄዳለህ? ብትሄድ ማን ያውቃል?» መልሱን ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ የሚሄድበት ቅርብ ጤና ጣቢያም እንዲቀበለው እናደርጋለን። ዛሬም የሚያቋርጥ አለ። ግን ቢያንስ የት እንደምፈልገው አውቃለሁ።

ጓደኞቼ፣ ሂስትሪ ስንወስድ «ሳሉ መቼ ጀመረህ?» ማለት እናውቅበታለን። አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ «በሚቀጥለው ወር የት ነው የምትሆነው?»