ከጥርስ ሕክምና በኋላ ሕፃናትን በቤት ማስታመም፦ የአጥቢያው ድርሻ

(በለገዳዲ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የምናነበው ደግ ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ቁስሉን አስሮለት ብቻ አልሄደም። ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ አስታመመው፤ በማግሥቱም ለማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ፣ ሐኪሙ የድርሻውን ከፈጸመ በኋላ በቤት ስለሚቀረው ማስታመም ነው።

ከለገዳዲና ከአካባቢው ጥርሱ የታመመ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚታከመው ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ነው። በታክሲ ሲመለስ ማደንዘዣው ገና ከከንፈሩ አልለቀቀም። በአንድ አጥቢያ ያገኘናት እናት ልጇን አስነቅላ በተመለሰች ማግሥት ከንፈሩ አብጦና ቆስሎ አየች፤ መርፌው የመረዘው መሰላት። ልጁ ግን በድንዛዜው ሰዓት ብስኩት ሲበላ የገዛ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ሕክምናው በሚገባ ተፈጽሞ ሳለ፣ አንዲት የምክር ቃል ስለ ጎደለች ያቺ እናት የሁለተኛ ልጇን የታመመ ጥርስ ሳታሳክም ወራት አሳለፈች። እንዲህ ያለው ፍርሃት ነው ቤተሰብን በመንደር የወተት ጥርስ ወደሚነቅሉ ሰዎች የሚመልሰው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሕፃናትን የሚጎዱ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይከለክላል፤ ነገር ግን ከሕጉ አስቀድሞ ወላጅን የሚመልሰው በሕክምናው ላይ ያለው እምነት ነው።

ስለዚህ ለወላጆች የሚከተለውን እንንገራቸው። ማደንዘዣው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ እስኪለቅ ድረስ ሕፃኑ የሚታኘክ ነገር አይብላ፣ ከንፈሩንና ጉንጩን እንዳይነክስም ይጠበቅ። ጥርሱ ተነቅሎ ከሆነ ሐኪሙ ያስነከሰውን ጎዝ ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቆ ይንከስ። በጉድጓዱ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አፉን አይጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ አይትፋ፣ በስትሮ አይጠጣ፣ በጣቱ ወይም በምላሱ አይነካካው። ምራቁ እስከ ማግሥቱ ጥቂት ቢቀላ አያስደነግጥም። ደሙ እንደገና ቢፈስ ሕፃኑን ቀና አድርጎ አስቀምጦ ንጹሕ ጎዝ ዳግመኛ ለግማሽ ሰዓት ማስነከስ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ካልቆመ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ምግቡ ለብ ያለና ለስላሳ ይሁን፦ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ። ትኩስ ሻይ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና ቆሎ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ከማግሥቱ ጀምሮ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ጥቂት ጨው አሟሙቶ ከምግብ በኋላ አፉን በዝግታ ማጠብ ይችላል፤ ሌሎቹ ጥርሶቹም በለስላሳ ብሩሽ ይጽዱ። ለሕመሙ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ያዘዘውን ይውሰድ። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም፤ መድማትን ያበዛል፣ ሌላም ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም ቅርንፉድ በቁስሉ ላይ አይደረግ። ትኩሳት ቢነሣ፣ ፊቱ ወይም አንገቱ ቢያብጥ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢቸግረው፣ ወይም ሕመሙ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እየባሰ ቢሄድ ያለ መዘግየት ወደ ሕክምና ይመለስ።

አባቶቻችን ካህናት ሆይ፤ ወላጆች ከሐኪሙ ይልቅ ለእናንተ የሚያቀርቧቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ጠበል ነው። ሕፃኑ ጠበሉን በዝግታ ይጠጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አይጉመጥመጥበት። ሁለተኛው ጾም ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ የታዘዘለት እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምትራራ መሆኗን እናንተው ንገሩት፤ ያለዚያ እናት መድኃኒቱን ታዘገያለች ወይም ታስቀራለች። ሦስተኛው ቅዱስ ቁርባን ነው። አፉ እየደማ ያለ ልጅ እስኪደርቅለት እንዲቆይ በፍቅር ንገሩ፤ ቀጠሮውም ከሚቆርብበት ቀን ዋዜማ ጋር እንዳይጋጠም አስቀድማችሁ ምከሩ።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ ይህን ምክር በአጭሩ አሰሙ። ለተቸገረ ቤተሰብ የታክሲውን ዋጋ ሸፍኑ። ከሕክምናው ማግሥት አንድ ሰው ሄዶ ልጁን ይጠይቅ። ወላጅም ከክሊኒኩ ሳይወጣ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አስታውሱት፦ መድኃኒቱ ስንትና መቼ ነው? ምን ብናይ እንመለስ? በሌሊት ለማን እንደውል? ስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ የሚበቅለው መንጋጋም ቋሚ ጥርስ መሆኑን ንገሯቸው፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ብዙዎች የወተት ጥርስ ነው ብለው ቸል ይሉታል።

ሳምራዊው አደራ ሲሰጥ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ሲመለስ እንደሚከፍል ተናግሮ ነበር። እኛም ስለ ሕፃናቱ እንጠየቃለንና ከሐኪም ቤት የተመለሰውን ልጅ ለብቻው አንተወው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።