ሳይቃጠል በቅጠል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አብዛኞቻችን በለንደን የምንኖረው የካውንስል ወይም የቤቶች ድርጅት ንብረት በሆኑ ፎቆች ውስጥ ነው። ዕቁባችንን የምንጥለው፣ ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የምናስቆጥረው፣ ለቅሶ የምንቀመጠው ደግሞ በኪራይ አዳራሽ ነው። በሁለቱም ቦታ ሕንፃው የእኛ አይደለም። ታዲያ እሳት ቢነሣ ተጠያቂው ማነው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ግሬንፌል ታወርን የማያስታውስ በመካከላችን የለም። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በምዕራብ ለንደን ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 18ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦችም በዚያ ሕንፃ ይኖሩ ነበር። እሳቱ የተነሣው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ቤት ማድቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በዚያ ቤት ነዋሪ ላይ ነበር። መርማሪው ጉባኤ ግን በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ነዋሪው ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ተናገረ። እሳቱን ከአንድ ማድቤት አውጥቶ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጣሪያ ያደረሰው በ2016 በተጠናቀቀው እድሳት ሕንፃው የለበሰው፣ በአሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ ያለበት ሽፋን ነበር። ነዋሪዎች ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው ደጋግመው አቤት ብለዋል፤ የሰማቸው አልነበረም።

በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የመጨረሻው ሪፖርት ሞቱ ሁሉ ሊቀር ይችል እንደነበር ገልጾ፣ መንግሥትን፣ ካውንስሉን፣ የሕንፃውን አስተዳዳሪ ድርጅትና ሽፋኑን የሠሩና የሸጡ ኩባንያዎችን ወቀሰ። ነገር ግን ወቀሳ ፍርድ አይደለም። በዚህ አገር ሕግ መርማሪ ጉባኤ እውነቱን ያወጣል እንጂ ወንጀለኛ ብሎ አይፈርድም፣ ካሣም አይቆርጥም። ያ የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሪፖርቱ በወጣበት ቀን፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ለሰዎቹ ሞት በወንጀል የተከሰሰ አንድም ሰው ወይም ድርጅት አልነበረም። ኃላፊነቱ ለብዙዎች ሲከፋፈል እያንዳንዱ ወደ ሌላው ያሳያል፤ ሐዘንተኛው ደግሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ እኛ ሕጉን ማወቅ ያለብን ከእሳቱ በፊት ነው። በ2005 የወጣው የእሳት ደኅንነት ሕግ ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ፣ አዳራሽ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ እንዲሁም ለፎቅ ቤቶች የጋራ ክፍል «ኃላፊ ሰው» ይኖራል ይላል። ይህ ቀጣሪው፣ ቦታውን የሚያስተዳድረው ወይም ባለቤቱ ነው። ኃላፊው የእሳት አደጋ ግምገማ ማስደረግ፣ መውጫዎችን ክፍት ማድረግ፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉን በደኅና መያዝ ግዴታው ነው። ግዴታውን ባለመወጣቱ ሰው ለከባድ አደጋ ከተጋለጠ ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሰው እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከግሬንፌል በኋላ ሕጉ ተጠናክሯል። በ2021 የወጣው አዋጅ የውጭ ግድግዳና የየቤቱ መግቢያ በር በዚህ ኃላፊነት ሥር መሆናቸውን አረጋገጠ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች የጋራ የእሳት በሮች በየሦስት ወሩ፣ የየቤቱ መግቢያ በር በዓመት አንድ ጊዜ መፈተሽ አለባቸው። እሳት ቢነሣ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚገልጽ መመሪያም ለነዋሪው ሊሰጥ ይገባል። መመሪያው ያልደረሳት እህት ብትጠይቅ መብቷን ጠየቀች እንጂ ማንንም አላስቸገረችም።

አዳራሽ ስንከራይ ግን ነገሩ ወደ እኛም ይዞራል። ሕጉ ቦታውን በከፊልም ቢሆን የሚቆጣጠር ሰው በቁጥጥሩ ሥር ላለው ነገር ይጠየቃል ይላል። መውጫውን በወንበር ብንዘጋ፣ ለቡናው ከሰል ቤት ውስጥ ብናቀጣጥል፣ ዕጣኑ ደወሉን እንዳያስጮኸው ብለን የጭስ ጠቋሚውን በፌስታል ብንሸፍን፣ «የአዳራሹ ባለቤት ይጠየቅ» ብለን ማምለጥ አንችልም።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ ማንኛውንም አዳራሽ ከመከራየታችን በፊት የእሳት አደጋ ግምገማው መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚፈቀድና መውጫዎቹ የት እንደሆኑ በጽሑፍ እንጠይቅ። መልስ የማይሰጥ አዳራሽ ርካሽም ቢሆን አንከራይ።

ሁለተኛ፣ በየስብሰባችን ሁለት እህቶች የበር ኃላፊ ይሁኑ። አረጋውያን እናቶቻችንንና ሕፃናትን ማን እንደሚያወጣ ቀድሞ ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቤቷ እሳት ደኅንነት ለአከራይ የምትጽፍ እህት ብቻዋን አትጻፍ። ብዙዎቻችን «ቤቱን ቢነጥቁኝስ? ከወረቀቴ ጋር ቢያያይዙትስ?» በሚል ስጋት ዝም እንላለን። ደብዳቤው በማኅበሩ ማኅተም ይውጣ፣ ቀኑ ይመዝገብ፣ ቅጂው በጽሕፈት ቤታችን ይቀመጥ። መልስ ካልመጣ ለእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት እናመልክት፤ ሕጉን የማስከበር ሥልጣን ያለው እርሱ ነውና። ኋላ ላይ «አልተነገረንም» የሚል ቢመጣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት እናሳየዋለን።

ለጋሾቻችን የምትሰጡን ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይና ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይውላል። ርካሹን ትተን ደኅናውን አዳራሽ ስንመርጥ ወጪው ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ።

እናቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እንነሣ።