ጭነቱ የእሷ፣ ተረቱ የእኛ

እሷ፦ እኔ የምልህ፣ ለልጆች አስቂኝ የሥዕል ታሪክ ቢሠራ ጀግናው ማን ይሁን?

እሱ፦ አንበሳ ነዋ!

እሷ፦ አንበሳ ጤፍ ተሸክሞ ከጀማ ሸለቆ ዓለም ከተማ ገበያ ይወጣልሃል?

እሱ፦ አህያ ልትይኝ ነው! «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እየተባለ?

እሷ፦ ተረቱን የሠራነው እኛ፣ ጭነቱ የእሷ! ዳገቱ ላይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጠጠሩን በኮቴዋ እየሞከረች ነው የምትወጣው። ነጂው በአቋራጭ ሲነዳት እምቢ ብላ ትቆማለች። ግትር ይላታል፤ ገደሉን ቀድማ ያየችው ግን እሷ ናት።

እሱ፦ በአህያ ብዛትም ከዓለም ቀዳሚዎቹ እኛው ነን።

እሷ፦ በ2009 ዓ.ም. እኮ የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። ተከራከርንላት።

እሱ፦ በማግስቱ ዱላው ቀጠለ እንጂ!

እሷ፦ እሱም ይሣል። ጅቡንም አንረሳም፤ ቀረጥ ሰብሳቢ እናደርገዋለን።